የውጭ ድጎማና የአገር ቤት ኪነ ጥበብ

(በዱራሜ ከተማ ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ከሐምበሪቾ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በዱራሜ «ውጭ አገር» ሲባል በብዙ ሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው ኪነ ጥበብ አይደለም። ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ከከምባታና ከሐዲያ አያሌ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደዋል። ቀንቷቸው የደረሱት በላኩት ገንዘብ በሆሳዕናና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ቤት ተሠርቷል፣ ሱቅ ተከፍቷል፣ ታናናሾች ተምረዋል፤ በመንገድ የቀሩትም ጥቂቶች አይደሉም። በጥቅምት ወር 2022 እ.ኤ.አ. በሰሜን ማላዊ፣ ምዚምባ በተባለው አካባቢ፣ የኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሳይሆን አልቀረም የተባለ ከሃያ በላይ አስከሬን ያለበት የጅምላ መቃብር ሲገኝ፣ ነገሩ እዚህ የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ የሚሰማ አልነበረም።

እንግዲህ አንድ የከምባታ ድምፃዊ ወይም አንድ የሐዲያ ሠዓሊ ከአውሮፓ፣ ወይም ከሌላ የአፍሪካ አገር፣ የጋራ ሥራ ጥሪ ቢደርሰው ደብዳቤው ሁለት አንባቢ ያገኛል። አንደኛው የቪዛ ማመልከቻ የሚመረምረው የኤምባሲ ሹም ነው፤ ሁለተኛዋ የከያኒው እናት ናት። ሁለቱም በየፊናቸው የሚያስቡት አንድ ነው፤ «ይህ ልጅ ከሄደ አይመለስም»። ሹሙ ይህን አስቦ በሩን ይዘጋል። እናት ግን አንዳንድ ጊዜ ያንኑ አስባ ትመርቃለች።

ስለ ድጎማ በየስብሰባው የሚነገረው ገንዘቡ ከየት እንደሚገኝና ማመልከቻው እንዴት እንደሚጻፍ ነው። ይህ መነገሩ ተገቢ ነው፤ በዚህም ንግግር ውስጥ በቦታው ይመጣል። ይሁን እንጂ ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ። ገንዘቡ ሲገኝ ሥራው የት ይሠራል? የማንስ ስም ይጻፍበታል? ካለቀ በኋላስ ማን ዘንድ ይቀመጣል? ካለፉት ሰባ ዓመታት ታሪክ እንደሚታየው የውጭ ድጋፍ ፍሬ ያፈራው ተቀባይ ቤት በአገር ውስጥ ቆሞ በጠበቀው ጊዜ ነው። ተቀባይ ባልነበረበት ጊዜ ያው ድጋፍ ሰውን ከቦታው ነቅሎ ከመውሰድ በቀር ብዙ አልሠራም። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ የተቆጠሩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ዕውቀት ፍለጋ መጓዝና በሰው እጅ እየተደጎሙ መማር ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪው ድጓን ለመማር ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕትን ለማጥናት ዙር አምባ፣ ቅኔን ለመቁጠር ዋሸራ ወይም ዋድላ ይወርድ ነበር። የሚያጎርሰው አኩፋዳውን ይዞ የቆመበት ደጅ ባለቤት ነው። ያ ገበሬ ከተማሪው ዘገባ አልጠየቀም፣ ዜማው ስለ ምን እንደሚሆንም አላዘዘም። የሚያስደንቀው ግን ልመናው ሳይሆን ሥርዓቱ ነው። ተማሪው የሚሄድበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ተምሮ ሲጨርስ የሚያገለግልበት ደብርም ይጠብቀዋል። ዘመናዊው ድጎማ ሁለተኛውን ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳዋል።

አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም በ1954 ተመርቀው ሲመለሱ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሚባል አልነበረም። ያዩትን ይዘው በግል ሥራ ብቻ ቢወሰኑ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። እርሳቸው ግን ትምህርት ቤቱን አቋቋሙ፤ በ1950 ዓ.ም. በይፋ ተመረቀ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው የሚጠራው ያ ትምህርት ቤት በመኖሩ፣ ቀጥሎ የመጡት የውጭ ትምህርት ዕድሎች ሁሉ ማረፊያ አገኙ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በምዕራብ ጀርመን ኮሎኝ ከተማ ተምሮ ሲመለስ የሚያስተምርበት ክፍል ነበረው። እስክንድር ቦጎሲያን በ1955 በመንግሥት ወጪ ወደ ለንደን ተልኮ፣ ከዚያም በፓሪስ ዘጠኝ ዓመት ያህል ኖሮ፣ አንድ ሥዕሉን የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር በ1965 ከገዛው በኋላ፣ በ1966 ወደዚያው ክፍል ገባ። በዚያ የቆየው እስከ 1969 ብቻ ነው። ሦስት ዓመት አጭር ጊዜ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ በትምህርት ቤቱ ከነበሩት ወጣቶች መካከል ዘሪሁን የትምጌታና ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ይገኙበታል። ለአንድ ሠዓሊ የተከፈለ የጉዞና የትምህርት ወጪ ለሌላ ትውልድ ሲተርፍ እንዲህ ነው።

የዚህ ታሪክ ሁለተኛ ገጽ ደግሞ አለ። እስክንድር ወደ አሜሪካ ሄዶ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተማረ፤ በ2003 በዋሽንግተን ዐረፈ። ወሰኔም በዚያው በሃዋርድ የማስተርስ ትምህርቱን በ1980 ፈጸመ። ገብረ ክርስቶስ ከአብዮቱ በኋላ አገሩን ለቆ በ1981 በኦክላሆማ ግዛት በስደት ሞተ፤ በስሙ የተሰየመው ቤተ መዘክር በአዲስ አበባ የተከፈተው በ2008፣ ከሞተ 27 ዓመት በኋላ ነው። መምህሩና ተማሪው አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ የነበረውን ሥራ ዋሽንግተን ላይ መቀጠላቸው የእነርሱ ጥፋት አይደለም። ቤቱ ሰውን ሊያቆይ የሚችለው ሰው በሰላም ሊኖርበት ሲችል ብቻ መሆኑን ግን ያመለክታል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ድጎማ አይከፍለውም።

በተውኔትም በኩል ጸጋዬ ገብረ መድኅን በዩኔስኮ ድጋፍ የአውሮፓን ቴአትር ቤቶች ተመልክቶ ሲመለስ፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው መድረክ ተሠርቶ ጠብቆታል። ስለዚህ ብዙ የተጻፈ በመሆኑ እዚህ ማራዘም አያስፈልግም።

ከዚህ የተለየና ለከምባታና ለሐዲያ ከያንያን ይበልጥ የሚቀርብ ምሳሌ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ነው። ሐሊም ኤል ዳብ የተባለው ግብፃዊ የሙዚቃ ደራሲ በ1962 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር መጣ። ሲመጣ የራሱን ሙዚቃ በኢትዮጵያውያን ሊያስጫውት ይችል ነበር። እርሱ ያደረገው ግን ከየአቅጣጫው የመጡ ባለ ክራር፣ ባለ ማሲንቆ፣ ባለ ዋሽንት፣ ባለ በገናና ባለ እምቢልታ ባለሙያዎችን በአንድ ክፍል ማስቀመጥ ነው። በየአገሩ ለየብቻቸው ይሰሙ የነበሩ መሣሪያዎች በ1963 በአንድ ጓድ ተሰባሰቡ። እንግዳው የከፈተው በር ለአገሬው ሰው እርስ በርሱ የሚተዋወቅበት ሆነ። ኤል ዳብ በ1964 ሲሄድ ጓዱ አልፈረሰም፤ ከአሜሪካ የሰላም ጓድ የመጡ ወጣቶች ያዙት። ከእነርሱም አንዱ ቻርልስ ሰተን ማሲንቆ ተምሮ ከአባላቱ ጋር አብሮ ይጫወት ነበር። በ1969 ጓዱ «ብሉ ናይል» በሚል ስም በአሜሪካ ተዘዋውሮ አሳየ። ተስፋዬ ለማም እስከ ፈረሰበት እስከ 1975 መራው። እዚህ ላይ የሚስተዋለው የነገሩ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ስድስት ዓመት በአገር ውስጥ ተሠራ፤ ጉዞው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ተገላቢጦሹ ነው፤ አውሮፕላኑ ይቀድማል፣ ሥራው አዳራሽ ውስጥ በአሥር ቀን ይበሰብሳል እንጂ አይበስልም።

ማን ማንን እንደሚጠራም መጠየቅ ያሻል። የሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ፣ ሽለላን በሳክስፎን በመጫወት የታወቀው አንጋፋ፣ በ2004 «ዘ ኤክስ» የተባለው የሆላንድ የሙዚቃ ጓድ የተመሠረተበትን 25ኛ ዓመት ሲያከብር ተጋብዞ ወደ አምስተርዳም ሄደ። ጨዋታቸውን ከሰማ በኋላ «እናንተ አጅቡኝ» ብሎ የጠየቀው ራሱ ጌታቸው ነው። «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘው አልበም በ2006 ወጣ። በዚያን ጊዜ እርሱ ሰባ ዓመት አልፎት ነበር፤ ዜማዎቹ የራሱ፣ አካሄዱም የራሱ ናቸው፤ ፈረንጆቹ በእርሱ ስልት ገቡ። የጋራ ሥራ የሚለው ቃል ትክክለኛ ትርጉሙን የሚያገኘው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። በሌላ በኩል ሙላቱ አስታጥቄ ከ2007 እስከ 2008 በሃርቫርድ የራድክሊፍ ተቋም ባልደረባ ሆኖ ሲቆይ ክራርን ለማሻሻል ሠርቷል። የሩቁ ገንዘብ ሙላቱን የፒያኖ ተጨማሪ ትምህርት እንዲማር አላደረገውም፤ ጥያቄውን ይዞ የሄደው ከአገሩ ነበር።

አሁን ወደ አካባቢው እንመለስ። የሐዲያን ታሪክ ለማጥናት ጀርመናዊው ኡልሪሽ ብራውኬምፐር በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዚህ አካባቢ ተዘዋውሯል። የሐዲያ ታሪክ የተሰኘው መጽሐፉ በ1980 በጀርመንኛ ታተመ፤ በእንግሊዝኛ የወጣው በ2012 ነው። የሚናገሩ ሽማግሌዎች እዚሁ ሆነው የሰጡት ቃል ከጀርመንኛ ውጭ ላለ አንባቢ ለመድረስ 32 ዓመት ፈጀበት ማለት ነው። ይህን ማንሣት ደራሲውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሥራው ባይኖር ኖሮ ዛሬ የሚጠፋው ነገር ብዙ ነበር። የሚጠቁመው ግን የትርጉም ወጪ ከመጀመሪያው በበጀት ውስጥ ካልገባ በኋላ የሚያስበው እንደማይገኝ ነው።

ያው ተመራማሪ በ1999 ሌላ መጽሐፍ አወጣ፤ «ውዳሴና ማሽሟጠጥ» ሊባል በሚችል ርእስ የሐዲያን ተራኪ ዘፈኖች የያዘ ነው። ያሳተመው በፍራንክፈርት የሚገኘው የፍሮቤኒዩስ ተቋም ነው። የዚህ መጽሐፍ ሽፋን ለዚህ ስብሰባ ከብዙ የማመልከቻ መመሪያ ይበልጥ ያስተምራል፤ ምክንያቱም በላዩ ላይ ያለው ስም አንድ አይደለም። ከብራውኬምፐር ቀጥሎ ጥላሁን ሚሻጎ የሚል የኢትዮጵያዊ ስም በደራሲነት ተጽፏል። በዚያ ዘመን፣ ከዚያም በፊት፣ ዘፈን የሰበሰበ፣ የተረጎመ፣ ቤት ለቤት የመራ የአገር ሰው ስሙ በመቅድሙ መጨረሻ በምስጋና መስመር ላይ ከተገኘ እንደ ትልቅ ነገር ይቈጠር ነበር። ከምስጋና መስመር እስከ ሽፋን ያለው ርቀት አንድ ጣት አይሞላም፤ ሆኖም የደራሲነት መብት፣ የወደፊት ግብዣ፣ የሚቀጥለው ድጎማ ሁሉ የሚወሰነው በዚያች ርቀት ነው። ከውጭ ባለሙያ ጋር የሚሠራ የዚህ ማኅበር አባል ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ስንት ይከፈለኛል?» ሳይሆን «ስሜ የት ይጻፋል?» የሚለውን ነው።

ስለ ፊልም አንድ ቃል ብቻ። ያሬድ ዘለቀ «ላምብ» የተሰኘ ፊልሙን በ2015 ወደ ካን ፌስቲቫል ሲያደርስ ሥራው የኢትዮጵያ፣ የፈረንሳይ፣ የጀርመን፣ የኖርዌይና የካታር የጋራ ሥራ ነበር። አምስት አገር የገባበት ፊልም በአማርኛ ተሠርቶ በአማርኛ መቅረቱ ልብ ሊባል ይገባዋል። በከምባቲሳና በሐዲይሳ ለሚሠሩ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም፤ ቋንቋን ለገንዘብ ሲባል መለወጥ ግዴታ አይደለም።

ወደ ድጎማዎቹ ዓይነት ስንመጣ፣ በከያንያን አነጋገር «ግራንት» የሚባለው ሁሉ አንድ አይደለም። የጉዞ ድጎማ አለ፤ ቲኬት፣ ቪዛና የውሎ አበል የሚከፍል ሲሆን፣ በአፍሪካ ውስጥ ለሚደረግ ጉዞ «አርት ሙቭስ አፍሪካ» ከ2006 ጀምሮ የሠራው ይህን ነው። የጋራ ሥራ ድጎማ አለ፤ የጀርመኑ ጎተ ተቋም በ2016 የጀመረው ፈንድ ለቴአትር፣ ለውዝዋዜና ለሙዚቃ የጋራ ዝግጅቶች እስከ 25 ሺህ ዩሮ ሲሰጥ ቆይቷል። ብሪቲሽ ካውንስልም በ2010ዎቹ መጨረሻ የምሥራቅ አፍሪካና የብሪታንያ ከያንያን አብረው ለሚሠሯቸው ሥራዎች ድጋፍ ሰጥቷል። ከእነዚህ የሚለየው በ2005ቱ የዩኔስኮ ስምምነት የተቋቋመው የባህል ብዝኃነት ፈንድ ነው፤ ለአንድ ፕሮጀክት እስከ 100 ሺህ ዶላር ይሰጣል፤ ተቀባዩ ግን ግለሰብ ሳይሆን ድርጅት ወይም መንግሥታዊ ተቋም ነው፤ ጥያቄውም በአገሩ የዩኔስኮ ብሔራዊ ኮሚሽን በኩል ያልፋል። ኢትዮጵያ የዚህ ስምምነት አባል ከሆነች ቆይታለች። ስለዚህ ብቻውን የሚሠራ ሠዓሊ የዚህን ፈንድ በር ቢያንኳኳ ድካሙ ከንቱ ነው፤ ማኅበር ግን ሊያንኳኳ ይችላል።

የገንዘቡ ምንጭ ሁሉ ውጭ መሆኑ በራሱ የሚያሳስብ ነው። ሰላም የተባለው፣ በ1997 በተሾመ ወንድሙ በስቶክሆልም የተመሠረተው ድርጅት፣ የአፍሪካ መንግሥታት እስከ 2030 ድረስ ከበጀታቸው አንድ በመቶ ለባህል እንዲመድቡ ሲቀሰቅስ መቆየቱ ከዚህ የመነጨ ነው። አንድ በመቶ ለሰሚው ጥቂት ይመስላል። ለዞን የባህል ጽሕፈት ቤት ግን ከበዓል ድንኳንና ከእንግዳ መስተንግዶ ያለፈ ነገር ማሰብ የሚያስችል ይሆን ነበር።

ገንዘብ ሰጪው ርእስ ሲሰጥ ምን ይሆናል? ይህን የማያውቅ የሙያ ባልደረባ እዚህ አይኖርም። ባንድ ወቅት ስለ በሽታ የተሰጠ ገንዘብ የነበረ እንደ ሆነ ድራማው ሁሉ ስለ በሽታ ይሆናል፤ ወቅቱ የስደት ከሆነ ደግሞ ዘፈኑ ሁሉ ስለ ስደት። የከምባታና የሐዲያ ከያኒ በስደት ጉዳይ ላይ የሚናገረው አለው፤ ከማንም የበለጠ አለው። ነገር ግን ጉዳዩ ከሆዱ የወጣ መሆኑና ከማስታወቂያ ላይ የተቀዳ መሆኑ መድረክ ላይ ወዲያው ይለያል። ፍርዱን የሚሰጠውም ሪፖርቱን የሚያነበው የውጭ ባለሥልጣን ሳይሆን ልጁን በመንገድ ያጣው አባት ነው። እርሱ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ «እግዜር ይስጣችሁ» ብሎ ዝም ካለ ሥራው አልተሳካም ማለት ነው።

አሁን ስለ ሕግና ስለ ሒሳብ ጥቂት መናገር ግድ ነው፤ ደረቅ ነገር ቢሆንም ብዙ መልካም ሐሳብ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ቀድሞ የነበረው አዋጅ ቁጥር 621/2001 በመብት ጉዳዮች የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙትን ገቢ ከአሥር በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ ስለ ነበር፣ ይህ ዓይነቱ ገደብ የማይመለከታቸው የባህል ማኅበራት እንኳ የውጭ ገንዘብ መንካትን ይፈሩ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያ ገደብ ተነሥቷል፤ የአስተዳደር ወጪ ግን ከሃያ በመቶ እንዳይበልጥ ተደንግጓል። እንግዲህ ፍርሃቱ ቢቀር ምክንያት አለው። መዝገብ፣ የባንክ ሒሳብ፣ በየጊዜው የሚመረመር የሒሳብ ደብተር ግን አሁንም የግድ ናቸው።

ሁለተኛው ነገር የምንዛሬ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲወሰን፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን በዩሮ የተፈቀደለትና በዩሮ ውል የፈረመ ከያኒ ተጠቀመ፤ ውሉን በብር ያደረገ ደግሞ የእንጨቱን፣ የጨርቁንና የነዳጁን ዋጋ መጨመር ከኪሱ ሸፈነ። ብዙዎቹ ፈንዶች ደግሞ የመጨረሻውን ክፍያ የሚለቁት ሪፖርት ከደረሳቸው በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ወጪው በተቀባዩ ላይ ይቆያል። ይህን የሚችለው ወይ ባለ ሀብት ነው፣ ወይ ከበስተኋላው ማኅበር ያለው ነው።

እዚህ ላይ በከምባታና በሐዲያ ዘንድ «ሴራ» የሚለው ቃል ይነሣል። በአማርኛ ይህ ቃል አድማንና ተንኮልን ስለሚያስታውስ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ሲሰማው ሊደነግጥ ይችላል፤ እዚህ ግን ሥርዓት፣ ደንብ፣ አብሮ የመተጋገዝ ሕግ ማለት ነው። ሰው ሲሞት፣ ቤት ሲሠራ፣ ችግር ሲመጣ ማን ምን ያዋጣል የሚለውን የሚወስነው ይኸው ነው። የውጭ ፈንዶች «የራሳችሁ ድርሻ ስንት ነው?» ብለው ሲጠይቁ ብዙ ከያንያን አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ገንዘብ የለማ! ነገር ግን ድርሻ ማለት ጥሬ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ለእንግዳው የሚሰጠው ክፍል፣ ለሃያ ቀን የሚበላው ቆጮና ቡላ፣ የሚያጅቡት ሰዎች የሥራ ቀን፣ ከዱራሜ እስከ ሆሳዕና የሚያመላልሰው መኪና፣ ለልምምድ የተፈቀደው አዳራሽ፣ እነዚህ ሁሉ በብር ተተምነው በበጀቱ ሠንጠረዥ ይገባሉ። ብዙ ጊዜ ሲደመሩ ከተጠየቀው ድርሻ ይበልጣሉ። በሴራ ለዘመናት ሲዋጣ የኖረው ነገር በወረቀት ላይ ስላልተጻፈ ብቻ እንደ ባዶ እጅ ተቈጥሯል። ለቅድሚያ ወጪ የሚሆን ጥቂት ጥሬ ገንዘብም ቢሆን በዕቁብ መልክ ከአባላት ሊሰበሰብ ይችላል፤ የመጨረሻው ክፍያ ሲገባ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል፣ ለሚቀጥለው ሰው ይሆናል።

የቀረጻው ጉዳይም ሳይነሣ ሊታለፍ አይችልም። በገጠር ቀበሌ አንዲት አዛውንት የዘፈኑት ዘፈን ባንድ ምሽት ተቀርጾ ይሄዳል፤ ከዓመት በኋላ በሌላ አገር በሸክላ ታትሞ ይሸጣል፤ ዘፋኟ ግን ቅጂውን እንኳ አይተውት አያውቁም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለክዋኔ ባለሙያው የራሱን ክዋኔ በሚመለከት መብት ይሰጣል። መብቱ ግን ውል ላይ ካልሰፈረ ባሕር ማዶ ሆኖ የሚከራከርለት አያገኝም። ስለዚህ ማንኛውም የጋራ ሥራ ውል የዘፋኙን ስም፣ የክፍያውን ድርሻ፣ ቅጂው በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደሚመለስና የት እንደሚቀመጥ በግልጽ ቢጽፍ ይበጃል። ለማስቀመጫ የሚሆን ቦታ ሩቅ አይደለም፤ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በሆሳዕናም በዱራሜም ግቢ አለው፤ አንድ ቁም ሣጥንና አንድ ኃላፊ ለመጠየቅ የውጭ ድጎማ አያስፈልግም። ውሉም በእንግሊዝኛ ብቻ እንዳይሆን! ዘፋኟ በሚሰሙት ቋንቋ ተነብቦላቸው፣ ምስክር ባለበት ሊፈርሙ ይገባል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው አስተርጓሚ ደመወዙ በበጀቱ የመጀመሪያ ገጽ ይቀመጥ።

የኤምባሲውን ሹምና የእናትን ጥርጣሬ የሚመልሰውም ከዚህ የተለየ አይደለም። የቪዛ ጠያቂው ከጥሪው ደብዳቤ ጋር የማኅበሩን የምዝገባ ወረቀት፣ እዚህ በዱራሜ የሚፈጸመውን የሥራውን ሁለተኛ ክፍል የሚያሳይ ውል፣ በዚያ ክፍል የሚከፈለውን ገንዘብ የሚገልጽ የባንክ ማስረጃ ይዞ ቢቀርብ፣ «ለምን ትመለሳለህ?» ለሚለው ጥያቄ በቃል ከመማል የተሻለ መልስ ይኖረዋል። የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው በዱራሜ በሚደረገው ትርኢት ማግስት እንዲሆን ቢስማሙ ደግሞ እናትም የምትጠብቀው ቀን ይኖራታል። እርግጥ ነው፣ ይህ ሁሉ ተሟልቶም ቪዛው ሊከለከል ይችላል፤ በብዙዎች ላይ ደርሷል። እንዲህ ሲሆን ሥራው እንዳይቆም እንግዳው ወደዚህ የሚመጣበት አማራጭ በውሉ ውስጥ ቀድሞ መግባት አለበት፤ ለጉዞ የተመደበው ገንዘብ አቅጣጫውን እንዲለውጥ ፈንዱን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

እንግዳው ከመጣስ መቼ ይምጣ? የአውሮፓ ፈንዶች አብዛኛውን ጊዜ ሒሳባቸውን የሚዘጉት በታኅሣሥ ወር ሲሆን የኢትዮጵያ መንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ አንድ ቀን ነው። የከምባታ መሳላና የሐዲያ ያሆዴ የሚከበሩት ደግሞ በመስቀል ሰሞን ነው፤ ከአዲስ አበባም፣ ከሌላውም ቦታ ሰው ወደ ቤቱ የሚመለሰው፣ ዘፈኑም በየደጁ የሚሰማው ያን ጊዜ ነው። የሐምበሪቾን 777 ደረጃ በግንቦት ወጥቶ የሚወርድ እንግዳ ተራራውን ያያል እንጂ መሳላን አይሰማም። እንግዲህ እንግዳው በመስከረም እንዲገኝ ከተፈለገ የፈንዱ መልስ በሚያዝያ መድረስ ይኖርበታል፤ መልሱ በሚያዝያ እንዲደርስ ማመልከቻው ከዚያ በፊት ባለው መኸር መግባት አለበት፤ ማመልከቻው ከመግባቱም በፊት ከውጭው ባልደረባ ጋር ጥቂት ወራት መጻጻፍ ያስፈልጋል። በዚህ ስሌት ዛሬ የሚጀመረው ማመልከቻ ለመጪው መሳላ ሳይሆን ከዚያ ለሚቀጥለው ነው።